በካሳና በሊዝ መካከል፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ያልበረደው የመሬት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የሚያስወጡ ሦስት መንገዶች አሉ። የጅማው መንገድ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ ያደርሳል። የአምቦው በአስኮ በኩል ወጥቶ ቡራዩን ሰንጥቆ ያልፋል። የጎጃሙ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። በሦስቱም መንገዶች ዳር የሚታየው ተመሳሳይ ነው፤ የፋብሪካ አጥር፣ ከአጥሩ ጎን የቪላ ግንብ፣ ከግንቡ ጀርባ በጭቃና በቆርቆሮ ተደርድረው የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ገና ያልተነካ የጤፍ ማሳ ወይም የሣር መሬት። ባለሀብቱ፣ ወር ጠባቂው ደመወዝተኛ፣ የቀን ሠራተኛውና ገበሬው በአንድ ቀበሌ ውስጥ አጥር ለአጥር ተጠጋግተው ይኖራሉ።

በእነዚህ ከተሞች ላለፉት ሃያ ዓመታት የተነሡት ግጭቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነገሩት ወይ የወሰን ጉዳይ፣ ወይ የብሔር ጉዳይ ተደርገው ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። እኔ ግን ከሁለቱም ሥር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አንድ ሄክታር መሬት ከገበሬ እጅ ሲወጣ ካሳ ይከፈልበታል፤ ያው መሬት የከተማ ቦታ ሲባል ሌላ ዋጋ ያወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ገንዘብ ለማን ይገባል? ይህ ጥያቄ በአግባቡ ሳይመለስ በመቅረቱ አንዱ ከበረ፣ ሌላው ደኸየ፣ ጎረቤትም ከጎረቤት ተጣላ። (ዓመተ ምሕረቱ፣ የውጭ አገሩን ነገር ካላነሣሁ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ባዶ ሜዳ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የሚያርሱበትና ከብት የሚያሰማሩበት አገር ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ መሬቱ ለመኳንንቱ፣ ለጦር አለቆች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለባለሟሎች ተከፋፈለ፤ እዚያው ተወልዶ ያደገው ገበሬ በገዛ ቀየው ጭሰኛ ሆነ። እንደ ውሉ የምርቱን እኩሌታ ወይም ሲሶ ለባለመሬቱ ይሰፍራል፤ ባለመሬቱ ካስነሣው ይነሣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ይህ ሥርዓት በመላው የደቡብና የመካከለኛው አገር ገበሬ ላይ ተጭኖ ስለነበረ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1958፣ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። መጽሐፉን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። የታሪኩ ሌላው ምሰሶ ግን የመደብ ጠብ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጪ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፣ ፊታውራሪው ሊወጓቸው ይዘምታሉ፣ በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎችም ይማርኳቸዋል። እዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ገበሬው ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቃል። ባላጋራው ስም አለው፣ ግቢ አለው፣ በቅሎው ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ይታያል። የዛሬው የሰበታ ወይም የሱሉልታ ገበሬ ይህ ቀርቶበታል፤ ለምን እንደቀረበትም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ ይህ ሊቃለል የማይገባ ነጻነት ነበር፤ ከእንግዲህ ምርቱን የሚካፈለው ባለርስት የለም። ነገር ግን መሬቱን ሊሸጥም ሊለውጥም አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 8 ላይ ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ የግል ንብረትን ሊወስድ እንደሚችል ተጻፈ። ያለፉት ሃያ ዓመታት ጠብ በሙሉ የተከማቸው «ተመጣጣኝ» በሚለው ላይ ነው።

ተመጣጣኝ ከምን ጋር? ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ የመሬት ይዞታን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዚህ መልስ ሰጥቶ ነበር። ገበሬው መሬቱን ለዘለቄታው ሲለቅ በላዩ ላይ ላፈራው ንብረት ግምት ይከፈለው ነበር፤ በተጨማሪም ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ የመፈናቀያ ካሳ ያገኝ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከ90 ቀን ማነስ አልነበረበትም፤ መሬቱ ላይ ሰብል ወይም ንብረት ከሌለ ግን 30 ቀን ይበቃ ነበር። በካሳው መጠን ላይ ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፣ የመነሣቱን ውሳኔ ግን ፍርድ ቤት ወስዶ መከራከሪያ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ የማንም ሰው ፋይል አይደለም፣ ስሌቱ እንዲታይ ብዬ ነው። አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ያገኛል እንበል። ኩንታሉ 1,500 ብር ቢሸጥ ዓመታዊ ገቢው 22,500 ብር ነው። አሥር እጥፉ 225,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ገበሬው ለአንድ ካሬ ሜትር 22 ብር ከ50 ሳንቲም አገኘ ማለት ነው። ጭዱንና የባሕር ዛፉን ግምት ጨምረን 30 ብር እናድርሰው። በሌላ በኩል የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ያንኑ መሬት የከተማ ቦታ ከሆነ በኋላ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል፤ ለመኖሪያ ከሆነ እስከ 99 ዓመት። የአዲስ አበባ ጨረታ በካሬ ሜትር በሺዎች ብር፣ መሐል ከተማ ደግሞ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የመጀመሪያው ዋጋ የተተመነው በጤፍ ነው። ሁለተኛው የተተመነው ከተማው በመቅረቡ ነው። ገበሬው ከተማው ስለቀረበው መሬቱን አጣ፤ የቅርበቱ ዋጋ ሲከፈል ግን እሱ በቦታው የለም።

በእኔ እምነት ትልቁ በደል ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይፈልቃል።

ልዩነቱን ማን በላው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ስም አይደለም። የተወሰነው ለከተማ አስተዳደሩ በሊዝ ገቢ መልክ ገብቶ መንገድና ውኃ ሆኗል። ጥቂት የማይባለው በምደባ በርካሽ ዋጋ መሬት ለወሰደው ባለሀብት ሄዷል። አንዳንዱ ባለሀብት እውነትም ፋብሪካ አቆመ፣ ሠራተኛ ቀጠረ። አንዳንዱ ግን አጥር አጥሮ ዓመታትን አስቆጠረ፤ በባንክ ብድር መያዣነት ያገለገለ፣ ሣር የበቀለበት የታጠረ መሬት በሦስቱም ከተሞች ዙሪያ የአደባባይ ምሥጢር ነበር፤ የክልሉ መንግሥት ራሱ በተለያየ ጊዜ ሳይለማ የከረመ መሬት ወደ መሬት ባንክ እመልሳለሁ ብሎ ሲዘምት ታይቷል። የቀረው ድርሻ በደላላና ማኅተም በያዘ ሹም መካከል ተከፋፈለ።

ሰበታን እንይ። ከተማዋ ከዋና ከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ፣ ውኃዋ ጥሩ፣ መንገዷ ምቹ ስለሆነች ከድሮም የፋብሪካ ሰፈር ነበረች። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እዚያ ነው፤ መንግሥት በ2004 ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፣ በኋላም ወደ ቢጂአይ ዞረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሆለታ፣ በመናገሻ፣ በሰበታና በተፍኪ መስመር የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ፤ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረትና የምግብ ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጨረሻ ጣቢያም ሰበታ ነው። ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ ልጅ እነዚህ ፋብሪካዎች ውስጥ ሥራ ያገኛል የሚል ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። ያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የጥበቃ ሥራ፣ የጫኝና አውራጅ ሥራ፣ ወይም የአበባ ለቀማ ነው። አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚያስወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ወለል ሳይቆረጥለት ዓመታት አልፈዋል። አባቱ ባለይዞታ የነበረበትን ማሳ ልጁ በወር ደመወዝ ይጠብቀዋል።

ሱሉልታ ሌላ መልክ አለው። ሜዳው የሣርና የወተት አገር ነው፤ የአዲስ አበባ ከብት አርቢ ድርቆሽ የሚጭነው፣ ወተት ቤቱም ወተት የሚያስመጣው ከዚያ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ከፍታው ትልቅ ስለሆነ አትሌቶች ይሮጡበታል፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። ከርሠ ምድሩ ውኃ ስለሚሰጥም፣ ከአቢሲኒያ ስፕሪንግስ ጀምሮ ውኃ አሽገው የሚሸጡ ድርጅቶች ጉድጓድ ቆፍረው ሰፍረውበታል። የታሸገ ውኃ የጫነ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር እናቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ሲጠብቁ ማየት እዚያ ከተማ ብርቅ አይደለም። ነገሩን ለመረዳት የመደብ ንድፈ ሐሳብ ማንበብ አያሻም።

እስካሁን በአንድ ወገን ገበሬውን፣ በሌላ ወገን ባለሀብቱን አቆምኩ። እውነተኛው ሥዕል ግን ሦስተኛ ሰው አለበት፤ ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ የከበደው አስተማሪ፣ ሹፌር፣ ነርስ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣው አልወጣለትም፤ ጨረታውን አይቀምሰውም። በሌላ በኩል ገበሬው መሬቱ ነገ በ20 እና በ30 ብር እንደሚወሰድ ያውቃል። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ ለ200 ካሬ ሜትር መንግሥት ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ቢያቀርብለት እንዴት እምቢ ይላል? ደላላ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። ሽያጩ ስጦታ ወይም ብድር መስሎ በወረቀት ይጻፋል፣ ሽማግሌ ይፈርምበታል፣ ቤቱም ሌሊት ሌሊት ይቆማል። የጨረቃ ቤት የሚባለው ይህ ነው። ሕጉ ሕገ ወጥ ይለዋል። ቀበሌው ግን ለብዙ ዓመታት መብራት አስገብቶለታል፣ ግብር ተቀብሎታል፣ በአንዳንድ ቦታ መታወቂያም ሰጥቶታል። የጨረቃ ቤት ባለቤት ወንጀለኛ ነው ብሎ የሚነሣ ሁሉ ይህንን ከፊቱ ማስቀመጥ አለበት።

ገበሬውና ገዢው በዚያች ምሽት ተጠቃቅመዋል። ሁለቱም ከላይ ያለውን የሒሳብ ልዩነት ጥቂት ሸርፈው ለራሳቸው ወስደዋል። ነገር ግን አንዱም በሕግ ፊት የሚያቆመው ነገር የለውም። ገበሬው የሸጠው የማይሸጥ ነገር ነው። ገዢው የገዛው ካርታ የሌለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲስተናገዱ የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶ ወሳኝ ሆኖ ኖሯል፤ ቤትህ በዚያ ፎቶ ላይ ከታየ ሰው ነህ፣ ካልታየ የለህም። ከከተማው ወሰን አልፎ የሠራው ያ መስፈሪያ እንኳ አልደረሰለትም።

ይህ ሁሉ ሲብላላ ከቆየ በኋላ በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሆነ። ልዩ ዞኑ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንን፣ ዱከምን፣ ሰንዳፋንና ሆለታን ይዞ በ2000 የተመሠረተ ነው። መንግሥት ዕቅዱ የመሠረተ ልማት ማቀናጃ ነው አለ። ገበሬው ግን ያነበበው በ20 ዓመት ልምዱ ነው፤ «ዕቅድ» በመጣ ቁጥር ማን እንደሚነሣ ያውቃል። ተቃውሞው በሚያዝያ 2006 ከአምቦና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተነሣ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ጊንጪ ላይ ዳግም ተቀሰቀሰ፣ መላውን ኦሮሚያ አዳረሰ። በጥር 2008 ክልሉን ይመራ የነበረው ኦሕዴድ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ መቅረቱን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2008 ባወጣው ሪፖርት የተገደሉት ከ400 እንደሚበልጡ ገምቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም በሕግ እንደሚወሰን ቢጽፍም ሕጉ አልወጣም ነበር፤ በ2009 ረቂቅ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ።

መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ የደረሰው እልቂት ቁጣውን ወደ ፋብሪካ አዞረው። በዚያ ሳምንት ሰበታ ውስጥ የቱርኩ ሳይጊን ዲማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ቢኤምኢቲ የኬብል ፋብሪካ ተቃጠሉ። መስከረም 25 ከሰበታ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡር መስመር ፉሪ ላይ በክብር ተመረቀ። ከአራት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሪባን ሲቆረጥም ፋብሪካ ሲቃጠልም ታየ። ፋብሪካ ማቃጠል የሠራተኛውን እንጀራ ማቃጠል ነው፤ ይህንን ከመናገር ወደ ኋላ አልልም። ቢሆንም እሳቱ ለምን እዚያ እንደወደቀ መረዳት ይቻላል፤ የቁጣው ባለቤት ሊያገኘውና ሊነካው የቻለው አጥሩን ብቻ ነበር።

የዛሬው ገበሬ ባላጋራውን ለምን እንደማያውቅ ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው ነው። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው፣ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ባገኘበት «የቁጣ ወይኖች» በሚባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ይህንኑ ነገር ከማንም በላይ አሳይቶታል። ኦክላሆማ ውስጥ ድርቅና ዕዳ የሰበራቸው እኩል አራሾች ከመሬታቸው ይነሣሉ። አፍራሹ ትራክተር በመጣ ጊዜ በላዩ ላይ የተቀመጠው ባዕድ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፣ በቀን ሦስት ዶላር ተቀጥሮ። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ማንን ልግደል ይላል። ሹፌሩ የታዘዝኩት ከአለቃዬ ነው ይላል፤ አለቃው ከባንክ፣ ባንኩ ከምሥራቅ ካሉ ባለድርሻዎች። ጠመንጃ የሚዞርበት ሰው አይገኝም። የሰበታ ገበሬ ወረዳውን ሲጠይቅ ዞኑ ነው ይሉታል፣ ዞኑ ክልሉ፣ ክልሉ ደግሞ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው ይለዋል። ዶዘሩን የሚነዳው ልጅ ደግሞ ከማዶ ቀበሌ ነው።

የስታይንቤክ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ ይነካኛል። የጆድ ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ካሊፎርኒያ ሲደርስ የሚጠብቀው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። ከእነሱ ጥቂት የሚሻሉ፣ ራሳቸውም በዕዳ የተያዙ የአገሬው ሰዎች «ኦኪ» እያሉ ይንቋቸዋል፤ ሥራችንን ሊወስዱ መጡ ብለው ይፈሯቸዋል፣ ሰፈራቸውን ያቃጥላሉ። ትልልቆቹ ባለእርሻዎች ደመወዝ ዝቅ ለማድረግ የሚጠቀሙት ይህንኑ ፍርሃት ነው። መጽሐፉ ያልተዋጠላቸውም ነበሩ፤ በታተመበት ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከርን በተባለው አውራጃ ከቤተ መጻሕፍት ታግዷል፣ ተቃጥሏልም።

ቡራዩ ላይ የደረሰው ከዚህ ይከፋል። ቡራዩ በገፈርሳ ግድቧ ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባን ውኃ ያጠጣች ከተማ ናት። አሸዋ ሜዳና አካባቢው በርካሽ ኪራዩ ምክንያት የጋሞ ሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ፤ ሸማ ሠርተው ሽሮ ሜዳ የሚያወርዱ፣ እቃቸው መጠቅለያና መወርወሪያ የሆነ ድኾች። በመስከረም 2011 የመጀመሪያ ቀናት በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመ ጥቃት፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደገለጸው፣ ቢያንስ 58 ሰዎች ተገደሉ። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞና ከሌሎች የደቡብ ብሔሮች የመጡ ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። የብሔር ጥቃት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ነገር ግን የቱን ሰፈር እንደመታ ማየት ያስፈልጋል። ቪላዎቹን አልመታም፤ የታጠሩትን መሬቶች አልመታም። የመታው የኪራይ ክፍል ውስጥ ያለውን ሸማኔ ነው። መሬት ያላገኘው ወጣት ከመሬቱ ጥቅም አንዲት ሳንቲም ያልደረሰውን ሰው ባላጋራው አደረገ። በጋሞዎች ከተማ በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ሊበቀል ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቆሙት። ያ ቀን በአገራችን ታሪክ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ውስጥ ቤቶች በጅምላ ፈረሱ። በዚያው ወር አዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየሞች ላይ ዕጣ አወጣች፤ ከነዚህ ውስጥ ኮዬ ፈጬ ያሉት በኦሮሚያ ወሰን ውስጥ ናቸው፣ የተሠሩትም ገበሬ በተነሣበት መሬት ላይ ነው ተብሎ በክልሉ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ያ ዕጣ ሁለት ድኻ ወገኖችን ፊት ለፊት አቆመ። አንዱ ከደመወዙ እየቀነሰ ዓመታት የቆጠበ ተመዝጋቢ ነው፤ ሌላው ማሳውን የተነጠቀ ገበሬ ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ መሬቱን የወሰደውም ቁጠባውን የተቀበለውም አካል ግን ከሁለቱም ወቀሳ አመለጠ። በ2014 ማብቂያ ላይ ከተማዋና ክልሉ ወሰናቸውን በስምምነት አካለሉ። በ2015 መጀመሪያ ላይ ኦሮሚያ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንና ሰንዳፋን አንድ አድርጎ 12 ክፍለ ከተሞች ያሉት ሸገር ከተማን መሠረተ።

ሸገር ሲመሠረት የመጀመሪያው ሥራው ማፍረስ ሆነ። በ2015 በሕገ ወጥነት የተፈረጁ እጅግ ብዙ ቤቶች በዶዘር ተደረመሱ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) በቂ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥና ለሰዎቹ ማረፊያ ሳይዘጋጅ የተፈጸመ ነው ሲሉ ሥጋታቸውን ገለጹ። መስጊዶችም በመፍረሳቸው በግንቦት ወር አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ አካባቢ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። የከተማው አስተዳደር ፕላን የማስከበር መብት አለው፤ ያለ ፕላን የተሠራ ሰፈር መንገድ፣ ፍሳሽና ትምህርት ቤት እንደማይወጣለትም እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲቆም ዝም ያለው፣ መብራቱን ያስገባው፣ ምናልባትም እጅ መንሻ የተቀበለው ሹም ከቤቱ ጋር አልፈረሰም።

ሕጉ በመካከሉ ተሻሽሏል፤ ይህም ሊነገርለት ይገባል። ቁጥር 455/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የገበሬውን የመፈናቀያ ካሳ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ባለይዞታዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዛል። አቅሙ ካላቸው መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጣቸዋል። የመነሣቱን ውሳኔ ሳይቀር ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማቅረብ ይቻላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ስንሰላው የገበሬው ድርሻ ከ22 ብር ከ50 ሳንቲም ወደ 33 ብር ከ75 ሳንቲም ከፍ አለ ማለት ነው፤ ኩንታሉ በተወደደበት ዓመት ከዚያም ይበልጣል። ጭማሪ ነው። መተመኛው ግን ዛሬም ጤፉ ነው፤ የከተማው ቅርበት ዛሬም ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ከአዋጁ ውስጥ ነገሩን ሊለውጥ የሚችለው ራስ የማልማት መብቱ ነው፤ ገበሬዎች ተደራጅተው፣ ባንክ አበድሯቸው፣ በመሬታቸው ላይ የሚከራይ ሕንፃ ቢያቆሙ ልዩነቱ በከፊል ወደ እነሱ ይመለሳል። የይዞታ ደብተር ይዞ የሄደን ገበሬ አምኖ የሚያበድር ባንክ እስካልተገኘ ድረስ ግን መብቱ ከወረቀት አይወርድም።

በእነዚህ ከተሞች በብዛት የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ደግሞ በአዋጁ ጨርሶ አይታዩም። የመጀመሪያው ካሳው በአባቱ ስም የሚከፈልበት፣ ራሱ ግን ጎልማሳ ሆኖ ያገባና የወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ካሳው በአንድ ዓመት ውስጥ ባጃጅና ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ሲያልቅ እሱ መሬትም ገንዘብም የለውም፤ የ2008ቱን ሰልፍ የሞላው የዚህ ትውልድ ወጣት ነው። ሁለተኛው በግለሰብ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ሸማኔና የቀን ሠራተኛ ነው። ቤቱ ሕጋዊም ይሁን የጨረቃ፣ ሲፈርስ ባለቤቱ ቢያንስ ይመዘገባል፤ ተከራዩ ፍራሹን ይዞ ይወጣል። ሸገር ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ቆጣሪ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ሲልክ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሁለት ዓምዶች መጨመር ይችላል፤ አንዱ በይዞታው ላይ ለሚኖሩ 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች፣ አንዱ ለተከራይ ቤተሰብ። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የከተማው አስተዳደር በመመሪያ ሊያደርገው ይችላል፣ የሚነሣውንም ሰው ትክክለኛ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያውቀዋል።